ጎማ ላይ ለሚከርም ልጅ

መዘዞ ተወልዶ ብርድ የሚፈራ ልጅ የለም። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ባዶ እግሩን እየቆረጠመው ከብት ነድቷል፤ ከጣርማበር ገደል ሥር ተነሥቶ ሽቅብ የሚመጣው ጉም ነሐሴን ሙሉ ደጁን ሲዘጋበት ገሳውን ደርቦ ወንዝ ወርዷል። ስለዚህ ከሲያትል ደውሎ «አባባ፣ ዘንድሮ ኪራዩን ትቼ ሞተርሆም ውስጥ ልከርም ነው፤ አይዞህ፣ እዚህ ብርዱ ቀላል ነው፣ በረዶም እምብዛም አይጥልም፣ የሚበዛው ዝናብ ነው» ሲል ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ውርጭ ያልበገረውን ልጅ ካፊያ ምን ያደርገዋል?

እኔ ግን የምፈራለት ብርዱን ሳይሆን ያንኑ ካፊያ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሣ። ሞተርሆም የሚባለው አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያውና መጸዳጃው ሁሉ ውስጡ የተሠራለት መኪና ነው። ፈረንጁ ጡረታ ሲወጣ አገር ሊያይበት ይገዛዋል፤ ድኻው ደግሞ ኪራይ ሲያቅተው ይገባበታል። የእኛ ልጆች ከሁለቱ መካከል ናቸው። አንዱ በሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ሌሊት ሻንጣ ሲጭን ያድራል፣ አንዱ ታክሲ ይነዳል። የአንዲት ክፍል ኪራይ የደመወዙን ግማሽ ሲውጥበት አሮጌ ሞተርሆም ይገዛና «ቢያንስ የራሴ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሊመሰገን እንጂ ሊሰደብ አይገባውም።

ጎማ ላይ ማደርም ቢሆን ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በጣርማበር ወደ ደሴ የሚያልፈው የከባድ መኪና ሾፌር ከወንበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ስንት ክረምት አሳልፏል። ጉሙ ሲበረታበት፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከፈለፈለው ዋሻ ወዲህ ጥግ ይይዛል፤ ረዳቱ ይወርድና ጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል፤ ከዚያ ሁለቱም ጋቢናው ውስጥ ይቆለፋሉ። ሲነጋ መስታወቱን ከውስጥ በኩል አልቦታል። ሾፌሩ በጋቢው ጫፍ ጠረግ ያደርግና መንገዱን ያያል። ያቺን የመስታወት ላብ ያዙልኝ፤ ነገሬ ከእሷ ነው የሚነሣው።

የእኛ ዝናብ ቁጡ ነው። ሐምሌ ላይ ከቀትር በኋላ ነጎድጓዱን አስቀድሞ ይመጣል፤ ዶፉን ያወርዳል፣ ጎርፉን ይሰዳል፣ ደክሞት ይሄዳል። በማግስቱ ፀሐይ ለአንድ አፍታ ብቅ ካለች ጋቢው ይሰጣል፣ ኩበቱ ይገለበጣል። የሲያትሉ ዝናብ ጠባዩ ሌላ ነው። የዓመቱ ቢሰፈር 950 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚወርደው እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ግን እኛ በሁለት ሦስት ወር የምንጨርሰውን እነሱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሲያካፋ ሲያካፋ ነው የሚደርሱበት። በታኅሣሥ ከንጋት እስከ ምሽት ያለው ብርሃን ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ደመናው ይጋራዋል። በእነሱ በጋ መብራት ሲሰጥ የነበረው የጣሪያ ሶላር የዚያን ጊዜውን ሩብ እንኳ አይሰጥም። አንድ ጊዜ የራሰ ካልሲ በራሱ ጊዜ የሚደርቅበት ቀን አይመጣም። የቁጡ ዝናብ ጉዳቱ ይታያል፤ ጣሪያ ይቀደዳል፣ ግድግዳ ይናዳል፣ ሰውም ይጮኻል። ዝምተኛው ዝናብ የሚሠራውን ግን ሰው ሳያየው ወራት ያልፋል።

የቀረውን እናቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እንጀራ በስሎ አክንባሎው ሲነሣ ከውስጡ ውኃ ይንጠባጠባል። ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከሊጡ የወጣው እንፋሎት አክንባሎውን ነክቶ ወደ ውኃነቱ ተመለሰ እንጂ። ሞተርሆምም ክረምት ላይ የሰው ልጅ የሚጋገርበት ምጣድ ነው። ሁለት ሰው ሲያድሩ ከትንፋሻቸውና ከገላቸው ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ይወጣል። ሽሮው ሲንተከተክ ይጨምርበታል፤ ከሥራ ሲገባ አውልቆ የሰቀለው ካፖርት ይጨምርበታል። የሚገርመው ደግሞ ምድጃው ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት ይለቃል። ልጁ «ብርዱን ላባርር» ብሎ የጋዝ ምድጃውን ክፍት ባደረገ ቁጥር ቤቱን ውኃ እያጠጣው ነው።

ይህ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋል። መስታወቱ ላይ ያረፈው ደግ ነው፣ ይታያል፣ ይጠረጋል። ክፉው ከቁም ሣጥኑ ጀርባና ከፍራሹ ሥር የገባው ነው። ልጁ ድክም ብሎት ገብቶ የሚወድቅበትን ፍራሽ ከወር በኋላ ቢገለብጠው ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ነጠብጣብ ሠርቶበት ያገኘዋል፤ አንሶላውም ያረጀ ጎተራ ይሸታል። ከዚያ ሳሉ ይጀምራል። እኛ ስልክ ላይ «ጉንፋን ይዞህ ነው?» እንላለን፤ እሱም «አዎ፣ ጉንፋን ነው» ይላል።

ምክሩ እዚህ ላይ ቀላል ነው፣ መፈጸሙ ነው የሚከብደው፤ ምክንያቱም ብርድ ላይ ያለ ሰው መስኮት ክፈት ሲባል እንደ እብድ ነው የሚያይህ። ቢሆንም ክፈት፣ ልጄ። የጣሪያዋን ማናፈሻ ጣት በምታህል ስንጥቅ ሌሊትም ቀንም ተዋት፤ በሌላው ጥግ ያለ መስኮት ደግሞ ትንሽ ገርበብ ይበል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያገኝ ይወጣል። ፍራሽህ ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ይነጠፍለት፤ ጠዋት ስትነሣ አንተ ብቻ አትነሣ፣ ፍራሹንም አቁመው። እርጥብ ልብስህን ውስጥ አትስቀል፤ ሳንቲም የሚበላው የልብስ ማድረቂያ ቤት ካንተ ሳንባ ይረክሳል። ድስትህን ክደን። ለማሞቂያ ገንዘብ ማውጣትህ ካልቀረ ደግሞ የተቃጠለውን ሁሉ በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ግዛ።

ስለ እሳት ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። በእኛ ደጋ የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍሉ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ተሸፋፍኖ ተኝቶ ሳይነሣ የቀረ ሰው ታሪክ ያልሰማ የለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም፤ ያደነዝዝና ያስተኛል። ሞተርሆም ከዚያች ክፍል ይጠባል። ከሰል ውስጡ ማቀጣጠል፣ የምግብ ማብሰያ ምድጃን እያነደዱ መተኛት፣ ሞተሩን አስነሥቶ ጥግ ይዞ ማንቀላፋት፣ ጄኔሬተር መስኮት ሥር ማስነሣት፣ ሁሉም አንድ መቃብር ናቸው። በጥቂት ዶላር የሚሸጥ፣ አየሩ ሲመረዝ የሚጮኽ መሣሪያ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች። መሣሪያው ከአልጋህ አጠገብ ይሰቀል፤ ባትሪውንም ሞክረው። በዚህ ነገር ላይ ሽምግልና የለም።

ጣሪያው ሌላ ነው። የእነዚህ መኪኖች ጣሪያ በየመጋጠሚያው በማጣበቂያ የተደፈነ ነው፤ ማጣበቂያው በፀሐይ ይሰነጠቅና ክረምት ላይ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። መዘዞን አልፈን ወደ መሐል ሜዳ ስንወጣ የምናገኘውን የመንዝ ጓሳ አስቡት። ያ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ገሳ ነው። አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት በሥርዓት ዘግተው ጠብቀውታል፤ የሚታጨድበትም ጊዜ ሰኔ ግም ከማለቱ በፊት ባለው ደረቅ ወር ነበር። ዝናብ ከጀመረ በኋላ ሣር ፍለጋ የሚወጣ አባወራ ይሳቅበት ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነዋ። ሲያትል ላይ ሰማዩ የሚጠራው እኛ በዶፍ በምንመታበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጣሪያ ላይ የሚወጣው፣ መጋጠሚያው የሚዳሰሰው፣ ጎማውና ባትሪው የሚታየው ያኔ ነው። ጥቅምት ላይ እርጥብ ጣሪያ ላይ ማጣበቂያ መቀባት ገንዘብን መቀባት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ተንቀሳቃሽ ቤት የሚያምረው መንቀሳቀሱ ነው፤ ወጣቱንም የሚያማልለው እሱው ነው፦ ዛሬ ሐይቅ ዳር፣ ነገ ጫካ ሥር። ይህን ከሚያውቅ አገር ነን። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን ከተማቸው ድንኳን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ተጓዥ ከተማ አይቶ ጽፏል። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲነሣና ሲሰፍር የየሰዉ ቦታ የታወቀ ነበር፤ ቀኙ በቀኝ፣ ግራው በግራ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ገበያው በየፊናቸው። የትም ይስፈሩ እንጂ ሰው ጎረቤቱን አያጣም ነበር። ያም ሆኖ ክረምት ሲገባ ዘመቻ ይቆማል፤ ወንዝ ሞልቶ፣ ጭቃ ይዞ፣ ንጉሡም ከነሠራዊታቸው በአንድ ቦታ ይከርማሉ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብማ ጭርሱን ደብረ ብርሃን ላይ ተከሉና እ.ኤ.አ. በ1468 እስኪያርፉ ድረስ የመጨረሻዎቹን 12 ያህል ዓመታት እዚያው ኖሩ። ለዚያ ዘመን ንጉሥ ይህ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። በእኛው በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ከአንኮበር አንጎለላ ይመላለሱ ነበር፤ ሲመላለሱ ግን በሁለቱም ጫፍ የሚጠብቃቸው ቤትና ሰው ነበር። እቴጌ ጣይቱና ንጉሥ ምኒልክ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውኃ አጠገብ ድንኳን ሲተክሉም፣ ድንኳኑ ብዙ ሳይቆይ በ1879 ዓ.ም. ወደ ቤት ተለወጠ፤ ይኸው አዲስ አበባ ሆነ።

እንግዲህ ሺህ ድንኳን የሚያስተክል ንጉሥ ለክረምት ቦታውን ከመረጠ፣ አንድ ሞተርሆም ያለው ልጅማ እንዴት አይመርጥ? ልጄ፣ በጋውን እንደፈለግህ ዙር። ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ግን የምትከርምበትን ቦታ ያዝ፤ ያዝ ስልህ በፈቃድ ያዝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ኪራይ ከፋይም ሳትሆን፣ ባለቦታም ሳትሆን፣ ማታ ማታ መንገድ ዳር ጥግ ስትፈልግ የሚያልፍ ክረምት ከሥራውም ከዝናቡም ይልቅ ያደክምሃል።

የከተማው ሕግም አይለቅህም። ሲያትል ውስጥ መኪና በአንድ መንገድ ዳር ከ72 ሰዓት በላይ አይቆምም። ወርዱ ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መኪና ደግሞ ከፋብሪካ ሰፈር ውጭ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ሰዓት መንገድ ላይ አያድርም፤ ሞተርሆም አብዛኛው ከዚያ ይሰፋል። መሣሪያውን ጭኖ በጭነት መኪናው ውስጥ ይኖር የነበረ አንድ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2016 መኪናው ተጎትቶ ተወሰደበት፤ ከ500 ዶላር በላይም ክፈል ተባለ። ተከራከረ። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 «የሚኖርበት መኪና ቤቱ ነው፣ የተጣለበትም ክፍያ ከአቅሙ በላይ ነው» ብሎ ፈረደለት። ደግ ፍርድ ነው፣ ፈራጁን ያኑርልን። ግን ቁጠሩት፤ ፍርዱ አምስት ዓመት ፈጀ። መኪናው በተወሰደበት በዚያ በጥቅምት ሰውየው ያደረው ሜዳ ላይ ነው። ሕግ ኋላ የሚመልሰውን ቤት ዝናብ አይጠብቅም።

ስለዚህ ተከፍሎበት የሚቆምበት፣ ውኃና መብራት የሚቀጠልበት ሰፈር ካለ እዚያ ግባ፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ክፍል ኪራይ ይቀንሳል። ካልሆነ ግቢ ያለው ወገን ፈልግ፤ የከተማው ደንብ ይፈቅድ እንደሆነ መጀመሪያ አጣራ፣ ከዚያም በነጻ አትቁም፣ መጠነኛም ቢሆን ክፈል። በነጻ የቆመ እንግዳ እስከ ገና ነው የሚከበረው። ውኃ ከሚያቁርበት ከዝቅተኛው ቦታ ራቅ፤ ነፋስ ሲመጣ ቅርንጫፍ ከሚጥል ዛፍ ሥርም አትቁም። «በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ለዓይን የሚያምረው የወንዝ ዳር ሜዳ ጥር ላይ ወንዙ ራሱ ይፈልገዋል።

የት እንደቆምክ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ። ይህን ሲሰሙ ልጆች ያፍራሉ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜና እሑድ ነጭ ለብሰው ይቆማሉ፣ በሬይነር ጎዳና ባሉት የእኛ ሰው ቡና ቤቶችም ይሳሳቃሉ፤ «የት ነው የምትኖረው?» ሲባሉ ግን የድሮውን አድራሻ ይናገራሉ። ከዚያ ሦስት ቀን ትኩሳት ቢጥላቸው በር የሚያንኳኳ የለም፤ ማን በሩን ያውቀዋል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ስንል ኖረናል፤ ጎረቤት ግን አድራሻ ይፈልጋል። እድር ካለ ግባ፣ ማኅበር ካለ ጠጣ፣ አብሮህ ለሚሠራው ጓደኛህ ንገረው። ሰው እንዳያውቅብህ በምትደብቃት መኪና ውስጥ ሆነህ አንድ ቀን እርዳታ ያሻሃል።

ለልጁ የምለው ይህን ያህል ነው። የቀረው ለእኛ ነው፣ እዚህ መዘዞ ለቀረነው፤ እሱም ይመራል።

ልጁ ኪራይ የተወው ለምንድን ነው? ጠይቀን እናውቃለን? አንዱ ቤት የሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ወጥቷል፤ የሌላው ልጅ ሠርግ ድንኳን ሙሉ ሰው ጠርቷል፤ ተዝካሩ በሬ ተጥሎበታል። «ከአሜሪካ ልጄ ልኮልኝ ነው» ይባላል፣ ደረት ይነፋል። በላከው ገንዘብ እኛ ደረቅ ጣሪያ ሥር ስንተኛ፣ እሱ የጎማ ቤቱ ጣሪያ ፍራሹ ላይ እያንጠባጠበበት ሊሆን ይችላል። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። ልጁ አይናገርም፣ እኛም አንጠይቅም፤ በዝምታ መካከል ገንዘቡ ይመጣል። ሰው ሳይቸግረው ጤፍ ብድር ገባ ሲባል ብንስቅም፣ ሳይቸግረን የልጃችንን የኪራይ ገንዘብ ለድግስ ያዋልን እኛም ከዚያ ሰው አንሻልም።

ቆርቆሮ አንዱን ክረምት ቢዘገይ ማንም አይሞትም። የጓሳ ሣር ከድነን ስንት ዘመን ኖረናል። ሠርግም በሽሮና በጠላ ቢሆን ሙሽሪት ሙሽሪት ናት፤ ይህን ሲሉ የሚያሙ አሉ፣ ይሙ። የተበደረ ካለም ብድሩን በልጁ ስም ሳይሆን በራሱ ስም ይክፈል።

ደግሞ አንድ ልማድ አለብን። ልጁ «ሞተርሆም ውስጥ ነኝ» ብሎ እውነቱን ቢናገር ለሰፈሩ «ልጄ መንገድ ላይ ወደቀ» እያልን እንባ እንረጫለን፤ ወሬው ዞሮ በሳምንቱ ሲያትል ይደርሰዋል። ሁለተኛ እውነቱን አይነግረንም። የሚነግረንን ልጅ ማቆየት ከፈለግን የነገረንን በልባችን መያዝ ነው።

ለመስቀል ይደውላል፣ ያኔ የእነሱ ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው። ስለ ገንዘብ አታንሡበት። የት እንደሚቆም ጠይቁት፤ ጣሪያውን ወጥቶ አይቶት እንደሆነ፣ የምትጮኸው መሣሪያ ከአልጋው አጠገብ ተሰቅላ እንደሆነ፣ ቦታውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ስማቸው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ስማቸውን ጻፉ፣ ስልካቸውንም ያዙ። መልስ ካጣ ወይም ከተንተባተበ «በል ኪራይ ግባ፤ እስከ ፋሲካ ካንተ አንዲት ብር አንጠብቅም» በሉት፤ እናቱ አጠገባችሁ ካለች ስልኩን ለእሷ ስጧትና እሷም ትድገምለት።